የአባቷ ሲዲና ቀጭኑ ኬዝ

የባለቤቴ እናት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከመካ ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሲዲ በሚስማር ተሰቅሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ሲዲ መስቀል በየቤቱ የነበረ ጌጥ ስለሆነ ሽማግሌ ይዤ ለጋብቻ የሄድኩ ዕለት አይቼው አልፌዋለሁ። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ሰው ዞሮ ከበሩ የሚገባውን ብርሃን ጣሪያው ላይ ይረጫል። ልብስ ሰፊ ነኝና ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው ጨርቅ ላይ ነው። የቤቱ መጋረጃ ደግሞ ተጣሞ ተሰፍቶ ስለነበር በሱ ስናደድ ሲዲውን ረሳሁት። ውስጡ የባለቤቴ አባት የመጨረሻ ቃል እንዳለ ያወቅኩት ከተጋባን በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጅዳ ለሥራ የሄደችው አባቷ ሳይመርቋት ነው። አይሆንም ብለዋት ነበር፤ እሷ ደግሞ አንዴ ከወሰነች የሚመልሳት የለም። አባቷ አቀስታ ገበያ በወረዱበት ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እናቷ እያለቀሱ ቢመርቋትም የአባቷ ምርቃት ሳይኖር መንገድ መጀመሯ እዚያ በቆየችባቸው ዓመታት ሁሉ ሲያንገበግባት ኖረ። ከዚያ ስትደውል አባቷ ስልኩን አይቀበሉም። ሲዘረጋላቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው ወደ መጣበት ይመልሱታል አሉ። አይሳደቡም፣ አይቆጡም፣ ዝም ነው። እኔ ራሴ ቶሎ የምነድና ቶሎ የምበርድ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለውን ዝምታ ከዱላ ይልቅ እፈራዋለሁ።

ሲታመሙ ግን አንድ ነገር አደረጉ። ለጎረቤት ሰርግ ከሩቅ የመጣ ቪዲዮ ቀራጭ ነበርና አስጠሩት። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ሚስታቸውን ጭምር፣ አስወጡ። «ለልጄ የምላት አለኝ» ብለው በሩን አዘጉ። ሰውየው ሲወጣ ምን እንዳሉ ቢጠየቅ «አደራ ነው» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ሲዲውን በመኪና ላከና እሱም አገር ለቆ ሄደ። አባቷም ብዙ አልቆዩም። ወደ ጅዳ የሚያደርስ መንገደኛ ሲጠበቅ ጊዜው ነጎደ፤ እናቷም እንዳይጠፋ ብለው ሰቀሉት።

ስለዚህ በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምርቃት ይሁን እርግማን ማንም አያውቅም ነበር። ታላቅ ወንድሟ፣ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን የሚመስለውን ስለሚናገር፣ «አባታችን እንደተቀየመሽ ነው የሞተው፤ ባትሰሚው ይሻልሻል» ይላታል። እናቷ ደግሞ «መርቋታል፣ ወላሂ መርቋታል» ይላሉ። እንዴት አወቁ ሲባሉ ያንኑ ደግመው ይምላሉ። ባለቤቴ በዚህ በሁለቱ መሀል ነው የምትኖረው። ልብስ ስታጥብ፣ ስትስቅ፣ ገበያ ስትወርድ ያው እሷ ናት፤ ልጅ ስለመውለድ ሲነሳ ግን «መጀመሪያ አባቴ ያለኝን ልወቅ» ብላ ትዘጋዋለች። የአባት እርግማን ለልጅ ልጅ ይተርፋል ብላ በጣም ትፈራ ነበር። እኔም ከምናደድባት ይልቅ አዝንላት ነበር።

ከጅዳ እንደተመለሰች ሲዲውን መካነ ሰላም ቪዲዮ ቤት ወስዳው ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ሰው ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና ራሱን ነቀነቀ። እናቷ ሚስማሩን ሲመቱ መዶሻው የቀዳዳውን ጠርዝ ነክቶት ኖሮ ከመሀሉ ቀዳዳ ተነስታ ወደ ውጭ የምትሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አውጥቷል። «የኔ ማሽን አዙሪቱ ኃይለኛ ነው፤ እዚያ ውስጥ ይሄ ይፈነዳል» ብሎ መለሰላት። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሌላ ቢሆን ከቶት አመዱን ይሰጣት ነበር።

በዚያ ላይ ሲዲው ቆሽሿል። እናቷ በረካ አለበት ብለው ስለሚያምኑ የአረፋ በዓል በመጣ ቁጥር ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸውን የዘይት ሽቶ በጣታቸው ጠቅ አድርገው የሚያብረቀርቀውን ፊት ይቀቡታል። የጓዳው ጭስ ደግሞ በሽቶው ላይ ያርፋል። ልጅቱ የላከችው ሽቶ የአባቷን ቃል ሸፈነው ማለት ነው። ይህን ስነግራት ልትስቅም ልታለቅስም ቃጥቷት ሁለቱንም ተወችው።

እናቷ ሲዲው ሊፈነዳ ይችል እንደነበር ሲሰሙ ደነገጡ። ወደ ሚስማሩ መልሰው «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ደጅ አይወጣም» ብለው ማሉ። «የሚያነበው ካለ እሱ ይምጣ።» ቤታቸው ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ተሂዶ፣ ከመኪና ወርዶ በእግር የሚደረስበት፣ መብራት የሚባል ያልገባበት ቀበሌ ነው። እኔ ኋላ ይህ ሲነገረኝ በልቤ በቃ ይሄ ነገር ተዘጋ አልኩ። ባለቤቴ ግን እናቷ መሐላ የማሉ ሳይሆን ሥራ ያዘዟት ይመስል «እሺ፣ እሱ ይመጣል» ብላቸው ኖሯል።

አሁን ስለ እሷ ትንሽ ልናገር። ጅዳ የሠራችበት ቤት ልጆች የኮምፒዩተር ፍቅር ነበራቸውና የተሰበረውን ሁሉ እየፈቱ ይጥሉታል። እሷ ስትጠርግ የተጣለውን እያነሳች፣ እነሱ ሲገጥሙ እያየች፣ ኋላ እነሱም እየጠሯት ለመደችው። ስትመለስ አንድ ላፕቶፕ ይዛ መጥታ ነበር። ከደሴ ስትመጣ የመኪናው ረዳት ፖርቶ መጋላው ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር አሰረውና አቀስታን እንዳለፉ ወደቀ። ከዚያ በኋላ አልበራ አለ። ሌላ ከጓደኛዋ ያገኘችው ትንሽዬ ላፕቶፕ ነበራት፤ የምትበራ፣ ባትሪዋም ጥሩ የሚቆይ፣ ግን ሲዲ የሚገባበት አፍ የሌላት። እኔ ይህን ሳይ አንዱ አፍ አለው ነፍስ የለውም፣ ሌላይቱ ነፍስ አላት አፍ የላትም ብዬ ቀለድኩ። እሷ አልሳቀችም። «የሞተው ላፕቶፕ ድራይቩ፣ ሲዲ ማንበቢያው፣ አልሞተም፤ አውጥቼ ለብቻው ቤት እሠራለታለሁ» አለችኝ።

ቤት ያለችው ኬዝ የሚሉትን ነው። ከላፕቶፕ ሆድ የወጣን ሲዲ ማንበቢያ ውስጡ ከተው፣ በገመድ ፍላሽ በሚሰካበት ቀዳዳ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኙበት ቅርፊት ነው። እኔ ግን ምን አደከመን፣ ደሴ ሄደን አዲስ የተሠራ እንግዛ አልኩ። እሷ የራሷ ሐሳብ ነበራት። ያ የሞተው ላፕቶፕ ድራይቭ ታጋሽ ነው፤ ጅዳ እያለች ሌላው የተፋውን የተጫረ ሲዲ ሁሉ እየደጋገመ ሞክሮ ያነብ ነበር። ደግሞም ከትልቁ ኮምፒዩተር ድራይቭ ይልቅ በዝግታ ነው የሚያዞር። «ለአባቴ የምፈልገው ጎበዝ አይደለም፤ ታጋሽ ነው» አለች። እንዲህ ስትለኝ ክርክሩን ተውኩ።

ደሴ የሄድን ዕለት ድራይቩን ከላፕቶፑ አውጥታ በሻሽ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለምን ተሸክመሽው፣ ቀጭን የላፕቶፕ ድራይቭ ነው ብለን መናገር አይበቃም ወይ ብላት «ጫማ ልትገዛ እግርህን ቤት ትተህ ትሄዳለህ?» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው። አቀስታ ላይ ሰዉ ወርዶ በብርዱ ሲንቀጠቀጥ ቆሎ ሲገዛ እሷ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ረዳቱ ቦርሳውን ልቀበልሽ ሲላት ያየችበትን አስተያየት እኔ ባለቤቷ እንኳ ታይቼበት አላውቅም።

ደሴ የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ባለቤት ጨዋታ አዋቂ ነው። መጀመሪያ አንድ ትልቅ፣ ከባድ፣ የራሱ የኃይል ገመድ ያለው ኬዝ አወጣና ባንኮኒው ላይ ዱብ አደረገው።

«ይሄ ነው የወንድ ዕቃ» አላት። «ከላፕቶፑ ኃይል አይበላም፣ የራሱ መብራት አለው።»

«ለመብራቱ መብራት ከየት ይመጣል?» አለችው። «የምወስደው መብራት የሌለበት ቤት ነው። ደግሞ ይሄ የሚቀበለው የትልቁን ኮምፒዩተር ድራይቭ ነው፤ እሱ በፍጥነት ያዞርና የተሰነጠቀ ሲዲ ይሰብርብኛል።»

ሰውየው ጨዋታውን ቀነስ አደረገ። ቀጥሎ ተገጥሞ ያለቀለት፣ በላስቲክ የታሸገ አዲስ ማንበቢያ አመጣ። እሷ ከቦርሳዋ ሆን ብላ ያመጣችውን በጣም የተጫረ የዘፈን ሲዲ አውጥታ «በዚህ ሞክርልኝ» አለችው። ማሸጊያውን ሊከፍት ቅር አለው፤ እሷም ቅር ሲለው ቆማ ጠበቀችው። በመጨረሻ ከፈተና ሞከረ። አዲሱ ማንበቢያ ትንሽ ተንጎራጎረና ሲዲ የለም አለ። ቅድም ዝም ብዬ ልገዛው የነበረው እሱን ነው።

ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ኬዞች መጡ። ለኔ ዓይን መንታ ናቸው። ጥቁረታቸው አንድ፣ ርዝመታቸው አንድ። እሷ ድራይቩን ከሻሹ ፈትታ ጀርባውን ወደ ብርሃን አዞረችና የሁለቱንም ኬዞች ውስጥ አየች። የአንዱ መሰኪያ ረጅም ሆኖ ጥርስ የተደረደረበት ነው፤ የሌላው ጠባብ ስንጥቅ ነው። የኛ ድራይቭ ጀርባ ጥርሳሙ ነበር። ሌላውን ወስደን ቢሆን መካነ ሰላም ደርሰን ነበር ስህተታችን የሚገባን። ጥርሳሙን ኬዝ ለየች። ገመዱን አወጣችና ጫፉ ሁለት ጭራ እንዳለው አየች፤ አንዱ መረጃ የሚያመላልስ፣ ሌላው ኃይል የሚጨምር ነው።

«ሜትርህን» አለችኝ።

የሰፊ አንገት መቼም ሜትር አያጣውም። በትንሿ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱ መሰኪያዎች በአንድ ጎን ጎን ለጎን ስለሆኑ ርቀታቸውን ለክታ ነበር የመጣችው። የጭራዎቹን ርዝመት እኔ ለካሁላት፤ ይደርሳል። በዚያ ሁሉ ምርጫ ውስጥ የኔ ድርሻ ያቺ ልኬት ብቻ ናት፤ እስካሁንም እኮራባታለሁ።

መግጠሙን መካነ ሰላም ተመልሰን ሱቄ ውስጥ፣ ጨርቅ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አደረግነው። የስፌት መኪናዬ ካቻቪቴ ለኬዙ ብሎኖች ልክ ሆነ። መጀመሪያ የድራይቩን የፊት ልባስ መንቀል ነበረባት፤ ያ የሚነቀለው ደግሞ መሳቢያው ሲከፈት ነው፣ መሳቢያው ያለ ኃይል አይከፈትም። እኔ በካቻቪቴው ልፈልቅቀው ስል እጄን መታ አደረገችኝ። «መርፌ ስጠኝ» አለች። በፊቱ ላይ ዓይን የማይለያት ትንሽ ቀዳዳ አለች። መርፌውን ቀጥ አድርጋ ስትገፋ መሳቢያው ጠቅ ብሎ ወጣ። ዕድሜዬን በመርፌ ስበላ ለዚህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ልባሱን ነቅላ የኬዙን አደረገችለት። ከዚያ ድራይቩን በሁለት እጇ ይዛ ጥርሶቹን ከጥርሶቹ ጋር አስተካክላ በዝግታ ገፋችው። ከብሎኖቹ አንዱ ወደ ቁርጥራጭ ጨርቁ ውስጥ ወደቀና መርፌ በምለቅምበት ማግኔት አወጣሁት። ሁሉም ሲታሰር ጠፍጣፋ ጥቁር ሳጥን ሆነ፤ ከሩቅ ያየው የቅርብ ዘመን ምሳ ዕቃ ይለዋል።

ለመሞከር ቸኩዬ አንዱን ጭራ ትንሿ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ሳጥኑ ጥርር አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ጥርር አለ፣ ቆመ። ወዲያው የደሴውን ነጋዴ ከነዘሩ መስደብ ጀመርኩ። እሷ ምንም ሳትል ሁለተኛውን ጭራ ሰካች። ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች፣ ድራይቩ ዝግ ብሎ መዞር ጀመረ። አንድ ጭራ ለመነሳት የሚበቃ ኃይል አይሰጠውም ማለት ነው። የሰርጋችንን ሲዲ ከተትንበትና እኔ ስጨፍር ስክሪኑ ላይ ወጣሁ። ነጋዴውን የሰደብኩትን ስድብ ለጭፈራዬ አዋልኩት። እሷ ግን ሲዲውን አውጥታ፣ መልሳ ከታ፣ አውጥታ፣ መልሳ ከታ ነበር የምታየው። ሲዲው ድራይቩ መሀል ባለው እምብርት ላይ በጣት ተጭኖ ነው የሚቀመጠው። የተሰነጠቀው ደግሞ መሀሉ ነው። አውራ ጣቶቿ ምን ያህል መጫን እንዳለባቸው ከጤነኛው ሲዲ እየተማረች ነበር።

ሁለት ባትሪ የለንም። የላፕቶፑን ባትሪ ከተማ ሞልተን፣ አጥፍተን፣ በጋቢ ጠቅልለን ጠዋት ተነሳን። ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ እሷ ቀደም ቀደም ትል ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ «እርግማን ቢሆንስ?» አለችኝ። አብሽሪ አልኳት። ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣልኝም፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

እናቷ በር ላይ ተቀበሉን። እንደ ወጋቸው እኔን ዛሬም «ሙሽራው» ነው የሚሉኝ፣ በአንቱታ ነው የሚያናግሩኝ። ወንድሟም መጥቶ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

«መርሐባ ሙሽራው። እሱ ነው የሚያነበው?» አሉ ሳጥኑን እያዩ።

«እሱ ነው» አልኳቸው።

«ያንሳል።»

«ማነሱ ነው የተፈለገው፣ እማ» አለች ባለቤቴ። «ይፍቀዱልኝ፤ ከቤት አይወጣም።»

እናቷ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው ከሚስማሩ አወረዱት። እሷ ውሃ ለብ አድርጋ፣ ሳሙና ጠብ አድርጋበት፣ ከሱቄ የቆረጥኩላትን ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ነክራ መጥረግ ጀመረች። እኔ ሳህን እንደሚታጠብ ክብ ክብ ይጠረጋል ብዬ ነበር፤ እሷ ከመሀል ወደ ጠርዝ ቀጥ ቀጥ አድርጋ ነው የጠረገችው። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ቤቱም የሽቶው ሽታ ሸተተ። እናቷ በረካው አብሮ ታጠበ ብለው ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ከቦርሳዋ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አውጥታ የስንጥቋን ጫፍ ነካ አደረገችው። ስንጥቋ ወደ ፊት እንዳትሄድ መያዣ ነው አለችን። ወንድሟ «ሲዲውም ጥፍር አለው?» ብሎ ሳቀ። እሷ እስኪደርቅ እፍ እያለችበት ጠበቀች።

ሲዲውን እምብርቱ ላይ አስቀመጠችው። በአንድ እጇ መሳቢያውን ከሥር ደገፈች፣ በሌላው አውራ ጣት ከስንጥቋ ተቃራኒ ጎን ተጫነች። ጠቅ አለ። የተሰበረ መስሎን ሁላችንም ደነገጥን። መግባቱ ነበር። መሳቢያውን ዘጋችው፣ ሁለቱንም ጭራ ሰካች። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ድራይቩ ያዞራል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ እንደገና ያዞራል። እኔ ብሆን ይህን ጊዜ ሳጥኑን ሁለቴ በጥፊ መትቼው ነበር። ከብዙ ማመንታት በኋላ አንድ ፋይል ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

«ክፈቺዋ» አሉ እናቷ።

«አይሆንም፣ እማ። መጀመሪያ ይገልበጥ።»

እዚህ ላይ ነው ያቺን ሴት እስከ ዛሬ የማደንቅበት ነገር ያለው። ዓመታት የጠበቀችው ቃል ከጣቷ ሥር ነው፤ አንዴ ብትነካው ይናገራል። እሷ ግን ሲዲው በተሽከረከረ ቁጥር ስንጥቋ ልትሄድ እንደምትችል ታውቃለች፤ ስታዳምጠው መሀል ላይ ቢሰበር ቀሪው ለዘላለም ይጠፋል። ስለዚህ ሳትሰማ፣ ምን እንዳለ ሳታውቅ፣ ቀድማ ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ ጀመረች። ምርቃት ቢሆንም እርግማን ቢሆንም ሙሉውን ነበር የፈለገችው። እኔ እንዲህ ያለ ልብ የለኝም።

አረንጓዴው መስመር ስክሪኑ ላይ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። ድራይቩ ሽቶው በዝቶበት በነበረ ቦታ ሲደርስ ይንገዳገዳል፤ ይሞክራል፣ ይሞክራል፣ ያልፋል። በሌላ በኩል ባትሪው ይወርዳል። ሳጥኑ ከላፕቶፗ ነው የሚመገብ፤ ስለዚህ በተንገዳገደ ቁጥር ባትሪው ይበላል። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ቀነሰችው። እናቷ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጋሉ። ወንድሟ ከመደቡ ወርዶ መሬት ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ያን ሁሉ ሲናገር የነበረ ሰው «አትንኩት፣ አትንኩት፤ እየሄደ ነው» ይላል። መስመሩ ጫፍ ሲደርስ እናቷ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ባለቤቴ ሲዲውን በጥንቃቄ አውጥታ ለእናቷ ሰጠች፣ ጭራዎቹን ነቀለች፣ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አደረገች።

ከፈተችው።

አባቷ እዚያው መደብ ላይ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ በሕይወት አላየኋቸውም፤ ከስተዋል፣ ግን ጥምጣማቸው ተስተካክሎ ታስሯል። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩን። ያው የስልኩ ዝምታ መጣ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከፍ አደረጉ።

«ከወጣሽበት በሰላም ተመለሺ» አሉ።

ከካሜራው ጀርባ የቀራጩ ድምፅ «አሚን» አለ።

አባቷ እጃቸውን ሳያወርዱ ቆጣ ብለው አዩት። «አንተ ተው። አሚኑ የሷ ነው» አሉት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኛ መልሰው ጠበቁ።

ባለቤቴ መጀመሪያ አልገባትም። እናቷ ክንዷን ነካ ሲያደርጓት እጆቿን ዘረጋች፤ «አሚን» አለች።

«እጅሽ የነካው ይባረክ» አሉ አባቷ። ጠበቁ።

«አሚን።»

«በሰው አገር ክፉ ዓይን አይይሽ። የወለድሽው ይደግልሽ።» ጠበቁ።

«አሚን።»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። እናቷ አብረው አሚን ሊሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ባላቸው አሚኑ የሷ ነው ስላሉ በሻሻቸው አፋቸውን ያዙ።

«ያልመረቅኩሽ ጊዜም ልቤ አልረገመሽም» አሉ አባቷ። «የኮራሁ መስሎኝ ናፍቄሽ ነበር። አላህ ከኔ ቂም ነፃ ያድርግሽ።»

እጃቸው አሁንም እንደተዘረጋ ነው። ባለቤቴ አሚን ሳትል ተጎንብሳ ማልቀስ ጀመረች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሷ ልቅሶ ብቻ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ዝምታው ሲረዝም የቀራጩ እጅ ሊያጠፋ ወደ ካሜራው መጣ፤ ምስሉ በጥላው ግማሽ ጨለመ።

«አታጥፋው» አሉት አባቷ። «መጀመሪያ ታለቅሳለች። ጠብቃት።»

እጁ ተመለሰ። ሽማግሌው ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መዳፋቸውን ሳያወርዱ፣ እሷ ያለችበትን እያዩ ጠበቋት፤ አልቅሳ ስትጨርስ ቀና ብላ «አሚን፣ አባ» አለቻቸው።